አራት ጥቅል ከአያ ሞላ ኪስ

የሥራ ዘመን ትዝታ የሚጽፈው ጡረታ የወጣ ሰው ነው ይላሉ። እኔ ሀያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ጸጉሬም አልሸበተም። ግን አምስት ዓመት ሙሉ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ከሰው ኪስ የወጣ ነገር ስመዘግብ ኖሬ፣ ባለፈው ወር በሕግ ተመርቄ ቁልፉን ሳስረክብ ወገቤ የሠላሳ ዓመት ሠራተኛ ወገብ ነበር። ስለዚህ እኔም እጽፋለሁ። ማን ይከለክለኛል።

የሠራሁት ኤግዚቢት ክፍል ነው። ፖሊስ አይደለሁም፣ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ የምሠራ ሲቪል ነኝ። ሰው ተይዞ ሲመጣ አብሮት ዕቃ ይመጣል፦ ቢላ፣ ሞባይል፣ የበግ ቆዳ፣ አንዴ እንዲያውም ሙሉ በር ከነማጠፊያው። ያንን ተቀብዬ፣ ምን እንደሚመስል ጽፌ፣ አሽጌ፣ ፍርድ ቤት እስኪጠይቀው አስቀምጣለሁ። ጣቢያው የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ከመካነ ሰላም ጠዋት በሚኒባስ ተነስተሽ፣ አቧራ ጠጥተሽ የምትደርሺበት ነው፤ ይኸው ይበቃል። ቅዳሜና እሁድ መካነ ሰላም እማራለሁ። ደሞዙን ብነግራችሁ ታዝናላችሁ፣ ይቅር።

መጀመሪያ መዝገብ ቤት ነበር ያስገቡኝ። አንድ ዓመት ፋይል ሰፋሁ። አለቃዬ የነበሩት ኢንስፔክተር ስሜን ለመያዝ ስምንት ወር ፈጀባቸው፤ ስሜ «ሙሉ» መሆኑን በያዙ በአራተኛው ወር ወደ ኤግዚቢት አዛወሩኝ።

እዚያ የጠበቁኝ ሳጅን ይመር ናቸው። ጋሽ ይመር እንላቸው ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ አንድ ዓይናቸውን ሞራ የጀመረው ሰውዬ። ሀያ ምናምን ዓመት ያንን ክፍል ብቻ ይዘዋል። የገባሁ ቀን ጠረጴዛቸው ላይ አንድ የተጠቀለለ ነገር ነበረ፤ ከአንድ ወጣት ካልሲ የወጣ።

«ምንድነው ይሄ?» አሉኝ።

«ሐሺሽ።»

«አየሽው?»

«ይሸታል እኮ ጋሽ ይመር።»

«እኔም እሸታለሁ። ሐሺሽ ነኝ?»

እሳቸው ተነስተው እጃቸውን በውሃ ብቻ ታጠቡ። ሳሙና አይነኩም ነበር፤ የሳሙና ሽታ ያሳስታል ይላሉ። ሽቶ የተቀባሁ ቀን ከክፍሉ አስወጥተውኛል። ከመሳቢያቸው አንድ ነጭ የቆርቆሮ ሳህንና አንድ የልብስ መርፌ አወጡ። ያቺ ሳህንና ያቺ መርፌ የሥራቸው ዕቃ ሁሉ ናቸው። የተያዘውን ሰው አስጠሩ፣ ሁለት ምስክር አቆሙ፣ ጥቅሉን ጫፉ ላይ ብቻ በመርፌዋ ፈታ አደረጉት። ሳይቀደድ። ከውስጡ የጥፍር ያህል ወደ ሳህኑ ወረደ። አረንጓዴ ስብርባሪ፣ ሁለት ፍሬ።

«መጀመሪያ ልብሱን ጻፊ» አሉኝ። «ምን ለብሷል? ምን ያህል ይረዝማል? ጫፉ እንዴት ነው? ከዚያ ከፍተሽ ያየሽውን ትጽፊያለሽ። ስሙን ግን እኛ አናወጣም። ስም የሚያወጣ ላቦራቶሪ አለ።»

እውነታቸውን ነው። በጋሽ ይመር መዝገብ ውስጥ ሐሺሽ የሚል ቃል ፈልጌ አጥቻለሁ። «አረንጓዴ ስብርባሪ» ነው የሚሉት፣ «ፍሬ ያለበት» ነው የሚሉት። እኔን ያናድደኝ ነበር። ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ነገር ዙሪያውን መዞር ምን ይሉታል?

ቀስ በቀስ ግን ልብስ ማንበብ ለመድኩ። አብዛኛው ወረቀት የለበሰ ነው፤ ልጆቹ ጆይንት ይሉታል። ከከተማ የመጣ ስስ የሲጋራ ወረቀት አለው፣ ያላገኘ ከደብተር ይቀድዳል። አንዴ ጥቅሉ ላይ የክፍልፋይ ሒሳብ ተጽፎበት ነበር፤ ጋሽ ይመር መነጽራቸውን አድርገው አዩትና «ሁለተኛውን ተሳስቷል» አሉ። ወረቀት ለብሶ ውስጡ ትምባሆና ዕፁ የተቀላቀለም አለ። እሱን ስፕሊፍ ይሉታል፤ ከውጭ ከመጀመሪያው አትለዪውም፣ ሲከፈት ነው ቡናማውና አረንጓዴው ተደባልቆ የሚታየው። የሱቅ ሲጋራ ሆኖ ውስጡ ተራግፎ ሌላ የተሞላበትም አለ፤ እሱን ጫፉ ላይ የተጠመዘዘው ወረቀት ያጋልጠዋል።

ብላንት ግን ለብቻው ነው። እሱን ያየሁት በሦስተኛ ዓመቴ ነው። ኬላ ላይ ከአንድ የጭነት መኪና ውስጥ በብስኩት ቆርቆሮ ሰባት ጥቅል ተገኘና መጣ። ወረቀት የለም። ልብሱ ራሱ የትምባሆ ቅጠል ነው፣ ሰፊ፣ ቡናማ፤ ከሲጋር የተላጠ ወይ ለዚሁ ተብሎ የሚሸጥ። ውስጡ ዕፁ ብቻ። ውፍረቱ የጣት ያህል ነው። ወረቀት ቶሎ ነዶ ያልቃል፣ ቅጠል ቀስ ይላል፤ ለዚህ ነው አንዱ ለብዙ ሰው የሚዞረው። የተያዘው ሹፌር ይከራከር ነበር። «ወረቀት የለበትም እኮ፣ ተፈጥሮ ነው። ለጤናም ይሻላል።»

«ሁለት ሱስ ባንድ ልብስ» አሉት ጋሽ ይመር። «አንዱን አላወቅከውም እንጂ እያጨስከው ነው።»

ወደ እኔ ዞረው ቅጠሉን ወደ በሩ ብርሃን ከፍ አደረጉት። «አየሽ? ደም ሥር አለው። ወረቀት ደም ሥር የለውም። አሁን አሽቺው።» አሸተትኩ። ትምባሆ ይሸታል። «ልብሱ ነው የሚሸተው» አሉ። «ልብሱ ስለ ውስጡ አይነግርሽም።»

ይህችን የመጨረሻዋን ብቻ ብሰማ ኖሮ ይሄን ሁሉ አልጽፍም ነበር። እኔ የያዝኩት ሌላውን ነው። ቡናማ፣ ወፍራም፣ ደም ሥር ያለው፣ ትምባሆ የሚሸት፤ ብላንት። አዲስ ነገር ያወቅኩ መስሎኝ ለጣቢያው ሰው ሁሉ አስተማርኩ። በረኛው ሳይቀር ያውቀው ነበር።

ከዚያ ጋሽ ይመር ዓይናቸውን ሊታከሙ ደሴ ሄዱ። ለስድስት ሳምንት። ቁልፉን ሲሰጡኝ አንድ ነገር ብቻ አሉ፤ «ሳትከፍቺ አታሽጊ።»

አያ ሞላ የመጡት ዓርብ ነው። ትክክለኛ ስማቸው አይደለም፣ ሞላ ብዬ ልጥራቸው። ዕድሜያቸው ሰባ የሚጠጋ ገበሬ፤ ንጹሕ ነጭ ጋቢ፣ ጥቁር ጃንጥላ። ለገበያ ሲመጡ ሚኒባሱ ኬላ ላይ ሲፈተሽ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ በመሐረብ የታሰረ አራት ጥቅል ተገኘ። ያመጣቸው ኮንስታብል ሀብታሙ ነው፤ የኔ እኩያ፣ ደግ ልጅ፣ ግን እንደኔ ችኩል። ሰዓቱ ስምንት ተኩል አልፏል። የመካነ ሰላም የመጨረሻ ሚኒባስ ዘጠኝ ላይ ይወጣል። ቅዳሜ ጠዋት ፈተና አለኝ።

ጥቅሉን ወደ በሩ ይዤ ወጣሁ። ቡናማ። የጣት ያህል። ደም ሥር አለው። አሸተትኩት፣ ትምባሆ።

«ብላንት ነው» አልኩት ሀብታሙን።

«እኚህ ሽማግሌ?»

«ሰው ሰጥቷቸው ነዋ። ጠይቃቸው።»

ጠየቃቸው። «አባት፣ ይሄ የማን ነው?»

«የኔ ነው» አሉ አያ ሞላ።

«ምንድነው?»

«ያያችሁት ነው።»

«ትምባሆ ነው?»

ሽማግሌው ቀና አሉ። ፊታቸው ተለወጠ። «እኔን ነው የምትለኝ? እኔ የሰንበቴ ሙሴ ነኝ። ሀያ ሰው የምመራ፣ ሰብስቤ የማበላ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ቃል አትናገረኝ።»

«ታዲያ ሐሺሽ ነው?»

አሰቡ። «እሱ ምንድነው?»

«ቅጠል ነው። ሲጨስ ያዞራል።»

«ግዝት አለበት?»

ሀብታሙ ሳቀ። «ግዝቱን እንጃ። ሕግ ግን አለበት።»

አያ ሞላ ጃንጥላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «እንግዲያው እሱ ይሁን» አሉ።

እኔም ሳቅሁ። ተንኮለኛ ሽማግሌ ናቸው ብዬ ነው። ነገሩን ግን ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። እኛ ቤት የትምባሆ ስም አይጠራም፤ አባቴ ከሚያጨስ ሰው ጋር አንድ ወንበር ላይ አይቀመጥም። ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል ሰው ትምባሆ ጠጣ ከተባለ ምን እንደሚደርስበት ልጅ ሆኜ አውቃለሁ። ሐሺሽን ግን በኛ ገጠር የሚያውቀው የለም፤ ካህንም ግዝት ጥሎበት አያውቅም። ሰውየው ከማያውቁት ወንጀልና ከሚያውቁት ውርደት መካከል መረጡ። እኔ ደግሞ ሰዓቴን እያየሁ ነበር።

መዝገቡ ላይ «አራት ብላንት» ብዬ ጻፍኩ። በጋሽ ይመር መዝገብ ላይ። ሀብታሙ ማመናቸውን ጻፈ፣ አሻራቸውን አደረጉ። ሳልከፍት አሸግኩ፣ ማኅተም መታሁ፣ ሚኒባሱ ላይ ሮጬ ደረስኩ። የቅዳሜው ፈተና የማስረጃ ሕግ ነበር። ጥሩ ሠራሁ።

ሦስቱ ጥቅል ለላቦራቶሪ ተላከ፤ አንዱ ለመጠባበቂያ ክፍሌ ውስጥ ቀረ። መንገዱ እንደምታውቁት ነው፤ አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ ሁለት ሳምንት ይዘጋል። መልሱ አልመጣም። አያ ሞላ ከማን እንዳገኙት ሲጠየቁ አይናገሩም፤ ቀጠሮ ላይ ቀጠሮ ይሰጥባቸዋል። ዋስ ጥሩ ሲባሉ «ዋስ የለኝም» ይላሉ። ሀያ ሰው የሚያበሉ ሰውዬ ዋስ የላቸውም። ዋስ የሚሆነው የሰንበቴ ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ ለምን እንደታሰሩ ይጠይቃል።

ስንቅ የምታመጣው ልጃቸው ናት። ጅዳ ሰባት ዓመት ሠርታ የተመለሰች፣ ፈጣን፣ ኃይለኛ ሴት። በሦስተኛው ሳምንት የክፍሌ በር ላይ ቆመች።

«አንቺ ነሽ ሐሺሽ ነው ያልሽው?»

«እኔ ዕቃ ነው የምመዘግበው።»

«ወላሂ እኔ ጅዳ ኖሬ አላየሁትም። አባቴ ከወረኢሉ አልፎ ሄዶ አያውቅም። የት ያገኘዋል?»

«እሳቸው አምነዋል እኮ።»

«ከፍተሽ አይተሽዋል?»

«ታሽጓል። የታሸገ አይከፈትም።»

«ሳይታሸግስ?»

መዝገቡን ወደ ራሴ ሳብኩ። «ስንዴው ቆሟል» አለች። «እኔ የሰው እጅ ፈልጌ አጣሁ። ሁሉም የራሱን እያጨደ ነው። አባቴን የሚያግዙት ሰንበቴዎቹ ነበሩ፣ አትንገሪያቸው ብሎኛል። ታሞ ደሴ ተኝቷል ብያቸዋለሁ።» ደመናውን አየች። በኅዳር ደመና ማየት ገበሬ አይወድም። ሄደች።

ያን ሳምንት ሁለቴ ዝናብ ጣለ። በቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ስሰማው ስለ ስንዴው አሰብኩ። አሰብኩ እንጂ አልተነሳሁም። ማዘዣ ጠይቄ መጠባበቂያውን ማስከፈት እችል ነበር፤ አንድ ገጽ ማመልከቻ ነው። ግን ያኔ ለምን መጀመሪያ አልከፈትሽም እባላለሁ። ላቦራቶሪው ይመልሳል እያልኩ ቀን ቆጠርኩ። የዚህ ሥራ ድካም የሚባለው ይሄ ይመስለኛል፤ ሸክሙ ሳይሆን ማድረግ የሚገባሽን ነገር እያወቅሽ ሳትነሺ መዋልሽ።

ጋሽ ይመር ሲመለሱ ጥቁር መነጽር አድርገዋል። መነጽራቸውን አውልቀው መዝገቡን ከፈቱ። አሁን ጥሩ ያያሉ። ጣታቸው አንድ መስመር ላይ ቆመ።

«ይህን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሰውየው ባለበት ከፍተሽዋል?»

«አልከፈትኩም። ሚኒባሱ ሊያመልጠኝ…»

«ሚኒባስ» አሉ።

ወረቀት ስበው ማመልከቻውን በራሳቸው እጅ ጻፉት፤ በማግስቱ ማዘዣው ወጣ።

አያ ሞላ ተጠርተው መጡ። ጋቢው ቆሽሿል። ሀብታሙና አንድ የቀበሌ ሰው ምስክር ሆነው ቆሙ። ጋሽ ይመር እጃቸውን ታጠቡና ሳህኑን አወጡ፤ መርፌውን ግን ለእኔ ሰጡኝ።

ጫፉን ፈታሁ። ከቅጠሉ ስር ቅጠል። ከሱ ስር ሌላ ቅጠል። እስከ መሃል ድረስ ገለጥኩት፤ ሌላ ነገር የለም። አረንጓዴ የለም፣ ፍሬ የለም፤ ልብሱም ውስጡም አንድ ዓይነት ቡናማ ነው። ከጓሮ ተቆርጦ፣ ደርቆ፣ በራሱ ቅጠል የተጠቀለለ። ሕፃን የሚያውቀው ነገር። መርፌዋን ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩ።

የቀበሌው ሰው እስላም ነው፤ ሳህኑን አየና ወደ ውጭ ዞረ። ሀብታሙ ጫማውን ያያል። አያ ሞላ ግድግዳውን ያያሉ።

«አያ ሞላ» አሉ ጋሽ ይመር ዝግ ብለው፣ «እኔም እስላም ነኝ። የእናንተን ግዝት አላውቅም ልልዎ እችል ነበር። ግን አብረን ነው የኖርነው፣ አውቀዋለሁ።»

«ሐሺሽ ብላችሁ ተዉት» አሉ አያ ሞላ። «አምኛለሁ። ፈርሜያለሁ።»

«አባባ፣ ይፈረድብዎታል እኮ» አልኩ እኔ።

«ከእስር እወጣለሁ ልጄ። ከሰንበቴው ካስወጡኝ ማን ይቀብረኛል?» ከዚያ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «ለጥርሴ ነበር የጀመርኩት» አሉ። «ለጥርስ ነው ብለውኝ። ሚስቴ ከሞተች በኋላ ግን ለጥርስ አልነበረም። ከባቄላው ኋላ ሦስት ተክል አለችኝ። ሰው አያያትም።»

ጋሽ ይመር ወንበር ሳቡላቸው። ከዚያ መዝገቡን ወደ እኔ ገፉት፣ እስክሪብቷቸውንም።

«ጻፊ።»

«ምን ልጻፍ?»

«ያየሽውን።»

ጻፍኩ። «አራቱ ጥቅል ብላንት ተብሎ የተመዘገበው ሳይከፈት ነው፤ ስህተቱ የኔ ነው። አንዱ ተከፍቶ ሲታይ፦ ከውጭ ቡናማ ደረቅ ቅጠል። ውስጡ ያው ቡናማ ደረቅ ቅጠል። አረንጓዴ ስብርባሪ የለም። ፍሬ የለም።» የሚቀጥለው ቃል ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

«የተጠየቅሽው ምንድነው?» አሉኝ ጋሽ ይመር።

«የተከለከለው ዕፅ ነው ወይስ አይደለም።»

«ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው ጨርሰሻል።»

ያ ያናደደኝ፣ ዙሪያውን የሚዞር አጻጻፋቸው፣ ያኔ ገባኝ። እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ።

የላቦራቶሪው መልስም በዚያው ሳምንት መጣ። አንድ መስመር ናት፦ ካናቢስ አልተገኘበትም። እነሱም የመለሱት የተጠየቁትን ብቻ ነው። በቀጠሮው ቀን ዕቃውን የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ ችሎት ተጠራሁ። ኋላ ወንበር ላይ ስድስት ሰባት ነጭ ጋቢ ተቀምጧል። ሰንበቴዎቹ። ደሴ ሄደው የታመመ ሲያጡ ወሬው ደርሷቸዋል። ልጅቷ ፊት ለፊት ተቀምጣ እጇን ታፍተለትላለች።

ዳኛው መልሱን አነበቡ። ከዚያ ወደ አያ ሞላ፤ «ታዲያ ለምን አመኑ?»

«ደክሞኝ ነበር» አሉ አያ ሞላ።

ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ። «ዕቃው ምንድነው እንግዲህ?»

አያ ሞላ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አንድ ቃል ነው፣ አውቀዋለሁ፣ አፌ ላይ ነው። ሕይወቴን ሙሉ ያወቅኩትን ቶሎ ተናግሬ ነው የኖርኩት።

«መዝገቡ ላይ እንዳለው ደረቅ ቅጠል ነው ክቡር ፍርድ ቤት። ሕግ የከለከለው አይደለም።»

ዳኛው መዝገቡን አዩ፣ ሽማግሌውን አዩ፣ የኋላውን ወንበር አዩ። የዚህ አገር ሰው ናቸው። «ይበቃል» አሉና ፋይሉን ዘጉ።

ለኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ይገባኛል። ስንዴው ግን ሳይታጨድ ዝናብ መቶት በቆመበት በቅሏል። ልጅቷ አንድ እፍኝ በጨርቅ ቋጥራ አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ፈታችው፤ ፍሬው ላይ ነጭ ቡቃያ ወጥቶበታል። «ይህንንም መዝግቢው» አለችኝና ወጣች። የት ነው የሚመዘገበው? አምድ የለውም። ጋሽ ይመር «አብሽሪ፣ አይዞሽ» አሉኝ። ያን ቀን ግን «አብሽሪ» አልሠራልኝም።

አያ ሞላ ንብረታቸውን እንዲረከቡ ተጠሩ። መሐረባቸውን ወሰዱ። የተፈታውን ጥቅል በፖስታ ስሰጣቸው ሳያዩት «የኔ አይደለም» አሉና አልፈረሙም። ፖስታው መደርደሪያው ላይ ቀረ። ከዚያ በኋላ ገበያ ላይ ሲያዩኝ ጃንጥላቸውን ዝቅ አድርገው ያልፋሉ። አልወቅሳቸውም።

ባለፈው ዐቢይ ጾም አረፉ። ጋሽ ይመር ያኔ ጡረታ ወጥተዋል፤ ከወንድማቸው ቤት ከአጅባር መጥተው አብረን ለቀብር ሄድን፣ ከኋላ ቆምን። ሬሳውን የያዙት ሰንበቴዎቹ ናቸው፤ እየተቀባበሉ ከቤታቸው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ወሰዱት፣ መሬት አላስነኩትም። ጋሽ ይመር መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ምንም አላሉም።

ባለፈው ወር ቁልፉን የተረከበችኝ ልጅ ሰላማዊት ትባላለች። ከትምህርት ቤት በቀጥታ የመጣች፣ ፈጣን፣ መዝገቡን በአንድ እይታ የምታነብ። ዕቃውን አንድ በአንድ እየጠራሁ እሷ ምልክት ታደርጋለች። ስንጨርስ ዘጠኝ ሊሆን ነው። ሻንጣዬ በር ላይ ነው። ያቺን ፖስታ አነሳች፣ ከፈተች፣ አሸተተች።

«ይሄ ትምባሆ ነው እኮ። ለምን ደረቅ ቅጠል ተባለ?» እስክሪብቶዋን ከፍታ መዝገቡ ላይ ጎንበስ አለች። «ላስተካክለው?»

ውጭ የሚኒባሱ ክላክስ ጮኸ። አንዴ፣ ሁለቴ። ረዳቱ «መካነ ሰላም፣ የመጨረሻ» ይላል።

እስክሪብቶውን ከእጇ ወስጄ ከደንኩት። መሳቢያውን ከፍቼ ሳህኑንና መርፌውን ጠረጴዛው ላይ አደረግኩላት።

«እጅሽን ታጠቢና ቁጭ በይ» አልኳት። «በሳሙና አይደለም።»

ሚኒባሱ ሄደ።